ብሪጅ፣ 3 ኖትራምፕ፦ ስድስት ዳይመንድ ደሚ ላይ ተቆልፎብኛል፣ ቶሎ እርዱኝ

ጀማሪዋ
ሰላም፣ መልሱን አሁኑኑ ነው የምፈልገው። 3 ኖትራምፕ ላይ ነኝ፦ ትራምፕ (ሌላውን ዓይነት የሚቆርጥ ካርታ) በሌለበት ከ13 ትሪክ (እያንዳንዱ የአራት ካርታ ዙር) 9 መብላት አለብኝ። ተቃራኒዎቼ ምዕራብና ምሥራቅ ናቸው። ምዕራብ ስፔድ ኪንግ መራ፣ ለቀቅኩት (እያለኝ ሳልበላው ተውኩት)፤ አሁን ኩዊኑን አምጥቷል። የተረጋገጡ ትሪኮቼ 6 ብቻ ናቸው። ደሚ (ተዘርግቶ እኔ የምጫወትበት የአጋሬ እጅ) ላይ ኤስና ኪንግ ያለበት ረጅም ዳይመንድ አለ፤ ግን ሁለቱን በልቼ ሦስተኛውን ዙር ብሰጥ ወደ ደሚ የምመለስበት መግቢያ (እዚያ ዙር የሚበላ ካርታ) የለኝም። ሦስት ትሪክ ከየት ላምጣ?

ዳኛው
ቆይ፣ ጨዋታው ገና አላለቀም? በመሀል መጠየቅ እኮ ማጭበርበር ነው።

ጀማሪዋ
ከኮምፒውተር ጋር ልምምድ ነው፣ አቁሜዋለሁ።

ዳኛው
እንግዲያው ኮምፒውተሩ ካልከሰሰሽ እኔም አልከስሽም።

ሰሜን_ደቡብ
ሁለቱንም እጅ ሙሉውን ጻፊልን። በተለይ እጅሽ ላይ ስንት ዳይመንድ አለ? እሱ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው።

ጀማሪዋ
ይቅርታ፣ የጻፍኩት መስሎኝ ነው።
ደሚ፦ ስፔድ 7 4 2፤ ኸርት 7 4፤ ዳይመንድ ኤስ ኪንግ 7 6 4 2፤ ክለብ 7 3።
እጄ፦ ስፔድ ኤስ 9 5፤ ኸርት ኤስ ኪንግ 6 2፤ ዳይመንድ 5 3፤ ክለብ ኤስ ጃክ 8 4።

ቀይ_ካርታ
ችግሩ ጨረታው ላይ ነው። ስድስት ዳይመንድ እያለ ኖትራምፕ ምን ያደርጋል? 5 ዳይመንድ ነበር መጠራት ያለበት፣ ዳይመንድን ትራምፕ አድርጎ 11 ትሪክ።

ሰሜን_ደቡብ
ቁጠራ እንጂ ወንድሜ። በ5 ዳይመንድ ሁለት ስፔድ፣ አንድ ክለብ፣ አንድ ዳይመንድ ትሰጣለህ። 11 ጠርተህ 9 ትበላለህ፣ በሁለት ትወድቃለህ። ያው 9 ትሪክ በኖትራምፕ ይበቃል። ጨረታው ምንም አልሆነም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ተቃራኒዎችሽ አምስት ዳይመንድ አላቸው። 3-2 (አንዱ ጋ ሦስት፣ ሌላው ጋ ሁለት) ቢከፈልም አንድ ዙር መስጠትሽ አይቀርም፤ ያንን ዙር በሦስተኛው ሳይሆን በመጀመሪያው ስጪ። ከእጅሽ 3ን ምሪ፣ ከደሚ 2ን ጣይ፣ ይብሉት። ተራው ሲመለስልሽ 5 እጅሽ ላይ አለ፤ በእሱ ወደ ኤሱ ተሻገሪ፣ ኪንጉን ብይ፣ የቀሩት ሦስት ትንንሾች ያለ ተቀናቃኝ ይበላሉ። 5 ዳይመንድ፣ 1 ስፔድ፣ 2 ኸርት፣ 1 ክለብ፤ ዘጠኝ ሞላ። ኤስና ኪንግ ራሳቸው መግቢያዎችሽ ናቸው፣ ቀድመሽ አታባክኛቸው።

ጥንቁቁ
እኔ ብሆን መጀመሪያ ኤሱን በልቼ ሁኔታውን አይቼ ሁለተኛውን ዙር እለቃለሁ። ምን ይጎዳል?

ሰሜን_ደቡብ
ሁለተኛውን ስትለቅ እጅህ ላይ ዳይመንድ አለቀ። ኪንጉና ትንንሾቹ ደሚ ላይ ተቀምጠው ያዩሃል፣ አንተም ታያቸዋለህ። ያ ዘዴ እጅ ላይ ሦስት ዳይመንድ ላለው ሰው ነው።

መቶኛ
ከመጫወታችሁ በፊት አከፋፈሉን በቃል ያዙ። አምስት ሲጎድል፦ 3-2 በ68 በመቶ፣ 4-1 በ28፣ 5-0 በ4። ስድስት ሲጎድል 3-3 የሚሆነው በ36 በመቶ ብቻ ነው፤ 4-2 ግን 48 ነው። አራት ሲጎድል 3-1 ወደ 50፣ 2-2 ደግሞ 40። የጎደለው ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ወደ እኩል ይጠጋል፣ ተጋማሽ ቁጥር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ይዛባል።

ትራምፕ ባለበት ጨዋታ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ደሚ ላይ ኤስና አራት ትንንሽ፣ እጅ ላይ አንድ ብቻ ቢኖር ሰባት ይጎድላል፤ 4-3 ሲከፈል ኤሱን በልተህ ሦስት ጊዜ በትራምፕ ትቆርጣለህ፣ አምስተኛው ይነሣል፣ የሚበልጠው አይቀርም። ለዚህ ከኤሱ ሌላ ሦስት መግቢያ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ ለመቁረጥ፣ አንዱ የተነሣውን ለመብላት። አብዛኛው ሰው ትራምፕ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ያኔ የደሚ ትራምፖች መግቢያ መሆናቸው ቀርቷል።

ጀማሪዋ
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ግን እኔ ትራምፕ የለኝም! የስፔድ ኩዊኑ እየጠበቀኝ ነው። ልብላው ወይስ ልልቀቀው?

ባለ13
ዳይመንዱን በመጀመሪያው ዙር ልቀቂ።

ዳኛው
ተብሏል። ገጹን ወደ ላይ ብትስበው።

ጥንቁቁ
ኩዊኑንም ልቀቂ፣ ሦስተኛውን ብይ። ማቆየት ምንጊዜም ደህና ነው።

ሰሜን_ደቡብ
ምንጊዜም አይደለም። ከ7 ላይ የሁለቱን እጅ ስፔድ ቀንሺ፦ 7 ሲቀነስ 6፣ አንድ፤ የሚለቀቀው ያን ያህል ጊዜ ነው። አንዴ ለቀሻል፣ አሁን ብይ። ምዕራብ አምስት ስፔድ ይዞ ምሥራቅ ሁለት ከሆነ ምሥራቅ በዚህ ዙር ጨረሰ፤ ዳይመንዱን እሱ ቢበላ የሚመልሰው ስፔድ የለውም። 4-3 ከሆነ ከዚህ በኋላ የሚበሉብሽ ሁለት ስፔድ ነው፤ ከኪንጉና ከዳይመንዱ ጋር አራት፣ የምትችይው ልክ ያ ነው። ምዕራብ አምስት ስፔድ ይዞ ዳይመንዱንም ራሱ ከበላው ወደቅሽ፤ እሱን ማንም አያድንም።

ኩዊኑንም ብትለቂ ግን ምዕራብ ወደ ክለብ ይዞራል። ኤስሽን ያስወጣሻል፤ ከዚያ ዳይመንዱን ስትሰጪ ክለብ ይጭኑብሻል። ሁለት ስፔድ፣ አንድ ዳይመንድ፣ ቢያንስ ሁለት ክለብ፤ አምስት ሞላ። የኸርት ኤስና ኪንግንም ዳይመንዱ ሳይነሣ አትንኪ፤ በትልልቆቹ ከጀመርሽ ለእነሱ ኸርት ትከፍችላቸዋለሽ።

ቀይ_ካርታ
4-1 ቢሆንስ?

ሰሜን_ደቡብ
እጅ ላይ ሁለት ዳይመንድ ብቻ ይዞ ሁለት ዙር መልቀቅ አይቻልም። በዚያ 28 በመቶ ኮንትራቱ ይወድቃል። ለ68ቱ ተጫወቺ።

ጀማሪዋ
ኩዊኑን በኤስ በላሁት። ዳይመንድ 3 መራሁ፣ ምዕራብ 9፣ ከደሚ 2፣ ምሥራቅ በ10 በላው። አሁን ምሥራቅ ክለብ ኪንግ አመጣ። ጃክ ስላለኝ ልልቀቀው?

ሰሜን_ደቡብ
አትልቀቂ! ዘጠኙ ተቆጥረው አልቀዋል፣ አሥረኛ አትፈልጊ። በኤስ ብይ፣ ዳይመንድ 5 ምሪ። ምዕራብም ምሥራቅም ዳይመንድ ከጣሉ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ኪንጉ ይወስደዋል።

ባለ13
ዳይመንዱን በመጀመሪያው ዙር መልቀቅ ነበረባት።

ጥንቁቁ
እሺ፣ ጀማሪዋ? ሁለቱም ተከተሉ?