ረጅም መንገድ ላይ የጋዝ እጄ እየደነዘዘ ተቸገርኩ፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ሶዶ_ዲቲ

ሰላም ለቤቱ። ሞተር ላይ የሚውል ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።

ሥራዬ የክትባት ማቀዝቀዣ ጥገና ነው። በየጤና ኬላው ያሉትን በሶላር የሚሠሩ ፍሪጆች እየዞርኩ አያለሁ። መነሻዬ ወላይታ ሶዶ ነው። ከዚያ ወደ ሁምቦ፣ ምዕራብ አባያ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲብስም እስከ ኮንሶ እወርዳለሁ። የምነዳው የመሥሪያ ቤት ሞተር ነው፤ ያማሃ ዲቲ 125፣ ቱ ስትሮኩ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥለው)። አሮጊት ናት ግን አትከዳም።

ችግሬ ቀኝ እጄ ነው። የሚገርመኝ ኮረኮንችና ጠመዝማዛ ላይ ምንም አይለኝም። የሚያመኝ ሜዳው ላይ ነው። ከሁምቦ ወረድ ብሎ አባያ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ ሲል መንገዱ ይለጠጣል። እዚያ ጋዙን አንድ ቦታ ይዤ ስቆይ መጀመሪያ የአውራ ጣቴ ሥር ያቃጥለኛል። ከዚያ አንጓዬ ይቀጥላል። ምዕራብ አባያ ስደርስ ትንሿና የቀለበት ጣቴ የኔ አይደሉም። ባለፈው ሙዝ ልገዛ ቆሜ ብር መቁጠር አቃተኝ። ሻጯ ልጅ ታዝባኝ ብሩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ቆጠረች፣ መልሱንም ደረት ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

ግራ እጄ ሰላም ነው። ጓንት ቀይር ያለኝ አለ። እጅህን በስፖርት አጠንክር ያለኝም አለ። ፍሪጅ ተሸክሞ ለሚውል ሰው እንዲህ ይባላል? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ባለ_አፓቼ

ብሮ ቀላል ነው። ካላማዳሪያ በቀጭኑ እንደ ቀለበት ቁረጥና በጋዝ እጀታውና በማብሪያው ቤት መካከል አስገባው። ጋዙን ያዝ ያደርገዋል። 60 ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ እጅህን ትለቃለህ፣ እያራገፍክ ትሄዳለህ። እኔ ዝዋይ መንገድ ላይ እንደዛ ነው የማደርገው። ሲደክመኝ ደግሞ በግራ እጄ አቋርጬ ጋዙን እይዘዋለሁ 😄

ጋራዥ_ሐዋሳ

ባለ_አፓቼ፣ አንተን ቆይቼ እመለስብሃለሁ።

ሶዶ_ዲቲ ወንድሜ፣ እጅህን ከመክሰስህ በፊት ሞተሯን መርምራት። ዲቲ ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ጋዟ ድንጋይ የሆነ ዲቲ ብዙ ይመጣል። ባለቤቱ ግን አያውቅም። የሚከብደው በአንድ ቀን ስላልሆነ እጅ እየለመደው ይሄዳል። እኔ ይዤ ሳዞረው ነው እኔም እሱም የምንደነግጠው።

ሞተሯን አጥፋ። ጋዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ አዙረው። መዞር አለበት። ስትለቀው ደግሞ ጠቅ ብሎ ራሱ ይመለሳል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አጥፈህ ድገመው፣ ወደ ቀኝም እንዲሁ። በአንዱ በኩል ብቻ ከከበደ ሽቦው አንገቷ ጋ ተቆልምሟል ወይም በማይሆን ቦታ አልፏል። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጣት) እየሠራች መሪውን ስታጥፍ ድምጿ ከፍ ካለ ሽቦው ተወጥሯል ማለት ነው። እሱ ለነገ አይባልም። እጀታው ጠርዙ ላይ ምንም ሳይስብ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በነጻ መዞር አለበት።

ከከበደ የት ጋ እንደከበደ ለይ። ሽቦውን ከእጀታው አላቅና እጀታውን ብቻውን አዙረው። አሁንም ከከበደህ ችግሩ እዚያው ነው። ወይ አሸዋ ገብቷል፣ ወይ ጎማው እስከ ውስጥ ተገፍቶ የማብሪያውን ቤት ይፈትጋል፣ ወይ አንዱ ጉልበተኛ ብሎኑን ከመጠን በላይ አጥብቆታል። አውጥተህ መሪውን በቤንዚን ጨርቅ ወልውለው። እጀታው ብቻውን ቀሎ ሽቦው ሲገባ የሚከብድ ከሆነ ግን ነገሩ ከሽቦው ወደ ታች ነው።

በዲቲ ላይ ሰው የማያየው ቦታ አለ። ከእጀታው የሚነሳው ሽቦ አንድ ነው። ታንኩ ሥር ሲደርስ አንዲት ትንሽ መገናኛ ውስጥ ይገባና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ካርቡሬተር፣ ሌላው ወደ ዘይት ፓምፑ ይሄዳል። ስለዚህ እጅህ የሚስበው ሁለቱንም ሞላ ነው። መገናኛዋ ውስጥ አቧራና የደረቀ ቅባት ሲጠራቀም ጋዙ ይቋጠራል። ታንኩ ካልተነሣ አትታይም፤ ታንክ የሚያነሣ ደግሞ የለም፤ ሁሉም እጀታው ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ይሸኛል።

ሽቦው ጫፉ ላይ ከተበተነ አትቀባው፣ ቀይረው። ደህና ከሆነ አውጥተህ ስቀለው። የላይኛውን ጫፍ በፌስታል ከረጢት ጥግ አስገባና በላስቲክ ጥፈረው። ከረጢቱ ውስጥ ቀጭን ዘይት ጨምርና አሳድረው። በታች በኩል መንጠብጠብ ሲጀምር አልፏል። ግራሶ እንዳታስገባ። አቧራ ይሰበስባል፣ የሶዶ ጠዋት ብርድ ላይ ደግሞ ይጋገራል።

አሁን ወደ አንተ፣ ባለ_አፓቼ። ያ ቀለበት ጋዙን የሚይዘው አንተ ስትፈልግ ብቻ አይደለም። አርባ ምንጭ መግቢያ ላንቴ አካባቢ ከብት ድንገት ሲገባብህ እጅህ ወደ ፍሬን ይሮጣል፣ ጋዙ ግን ክፍት ነው። ጋዝ ስትለቀው የማይዘጋ ሞተር ከጋራዤ አይወጣም። በግራ እጅ አቋርጦ መያዝን በተመለከተ ደግሞ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ማን ይይዝልሃል? እናትህ ቢያዩህ?

ባለ_አፓቼ

ጋሼ እሺ 🙏 ግን አሜሪካ ጎማው ታሽጎ ይሸጣል እኮ፣ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

ቨርጂኒያ_ጎልድዊንግ

ይሸጣል፣ እውነት ነው። እኔም በትንሿ ሞተሬ ላይ አስገብቼ አውጥቼዋለሁ። ባዶ ሃይዌይ ላይ ይጥማል። ትራፊክ መብራት ላይ ግን ጋዙ ሳይመለስ ሲቀር ያስጠላል። ጋሼ ልክ ናቸው።

የሚሻለው ሌላ ነገር ነው። ክራምፕ በስተር ይሉታል። እጀታው ላይ የሚጠለቅ ጠፍጣፋ ምላስ ያለው ፕላስቲክ ነው። ጋዙን በመዳፍህ ተረከዝ ጫን ብለህ ትይዘዋለህ፣ ጣቶችህ መጨበጥ አይጠበቅባቸውም። ስትለቀው ጋዙ ይመለሳል፤ ልዩነቱ ይሄ ነው። ግን አስፋልት ላይ ብቻ። ኮረኮንች ላይ ስትነጥር መዳፍህ ሳታስበው ይጫነዋል፣ ሞተሯ ትፈናጠራለች። ስለዚህ አስፋልቱ ሲያልቅ ወደ ታች አዙረው ወይ አውልቀው።

ትልቁ ሞተሬ ጎልድዊንጉ ክሩዝ (ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ) ስላለው በሱ አልፎክርብህም። ቁልፉን ተጭነህ እጅህን ታሳርፋለህ። ስካይላይን ድራይቭ የሚባል ተራራ ለተራራ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ አለን። ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ ነው፣ ኩርባው ማለቂያ የለውም። እዚያ ክሩዙም አይጠቅምም፣ እጄም አያመኝም። አንተ ኮረኮንች ላይ አያመኝም ያልከውን ሳነብ ለዚህ ነው የገባኝ።

አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካገኘሁ አንድ እልክልሃለሁ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ሻንጣ አይሞላም።

ፊዚዮ_ነኝ

እኔ ሞተር አልነዳም። ባለቤቴ ይነዳል፣ ሥራዬ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ነው። ስለዚህ ስለ እጁ ልጻፍ።

ሜዳው ላይ የሚያምህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮረኮንች ላይ እጅህ ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻው በተላላ ቁጥር ደም ይመላለስበታል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግን ያው ጡንቻ ሳይላላ ተወጥሮ ይቆያል፣ ደሙ እንደልብ አይገባም። ማቃጠሉ ከዚያ ነው። የእጅ ጥንካሬ ጉዳይ አይደለም። ግራ እጅህ ሰላም የሆነው ፍሪሲዮን ካልያዘ ማረፍ ስለሚችል ነው።

ትንሿና የቀለበት ጣት መደንዘዛቸው ኡልናር የሚባለውን ነርቭ ይጠቁማል። በአንጓህ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በክርንህ ያልፋል። መዳፍህ በዚያ በኩል እጀታው ላይ ሲጫን፣ በዚያ ላይ የሞተሩ ንዝረት ሲጨመር፣ ይቆጣል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ቢሆኑ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅሱህ ቢሆን፣ ሌላ ነርቭ ነው። ከሞተር ከወረድክ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀ ወይም ዕቃ ከእጅህ መውደቅ ከጀመረ ሐኪም ይይህ። ጓንት እየቀያየርክ አትቆይ።

አሁን አያያዝህን ተመልከት። ብዙ ሰው ጋዙ ተዘግቶ እያለ አንጓውን ቀጥ አድርጎ ይጨብጣል። ከዚያ ጋዝ ሲሰጥ አንጓው ወደ ታች ይሰበራል፣ እንደተሰበረ ሰዓት ይሞላል። ባለቤቴን ያስተማርኩት እንዲህ ነው። ክርንህን ትንሽ ከፍና ወደ ውጭ አድርገህ፣ እጀታውን እንደ ካቻቢቴ በሰያፍ ያዘው። የምትነዳበት ፍጥነት ላይ ስትደርስ ያኔ አንጓህ ቀጥ ይላል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ናቸው፤ ሌሎቹ ይደገፉ እንጂ አይጨብጡ።

የፍሬኑን ማንሻም እየው። ሞተሯ ላይ እንደወትሮህ ተቀመጥና ጣቶችህን ዘርጋቸው። ማንሻው ክንድህ በሚያመለክትበት መስመር ላይ መገኘት አለበት። ወደ ላይ ካንጋጠጠ በያዝከው ቁጥር አንጓህ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቆመህ የምትነዳበት መንገድ ከበዛ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይበል።

የሰውነትህን ክብደት እጅህ አይሸከም። ታንኩን በጉልበትህ ቆንጥጠው። ይሄን ስነግረው ባለቤቴ ሳቀብኝ፣ አሁን ለጓደኞቹ እሱ ነው የሚያስተምረው።

ጋራዥ_ሐዋሳ

እህቴ ጥሩ ተናገርሽ። ስለ ንዝረቱ እኔ ልጨምር። ሞተሩን ከሻሲው የሚያስሩት ቡሎኖች ይፈተሹ። አንዱ ዳዶ ከላላ እጅ ላይ ነው የሚሰማው። ከዚያ ውጪ እያንዳንዱ ሞተር የሚጮህበት ፍጥነት አለው። ዲቲ ላይ መሪው የሚነዝርበትን ቦታ ታውቀዋለህ፤ ከዚያ 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ቀንስ። አርባ ምንጭ ጥቂት ደቂቃ ብትዘገይ ፍሪጁ አይቆጣህም።

እጀታውን ማወፈርም ይረዳል። ቀጭን እጀታ ጨምቀህ ካልያዝከው ይሾልካል። የብስክሌት ካላማዳሪያ ርዝመቱን ሰንጥቀህ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልልበት። በውስጥ በኩል ከማብሪያው ቤት ጋር እንዳይነካካ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተው። ካልሆነ ባለ_አፓቼ ያለውን ቀለበት ሳታስበው ሠራህ ማለት ነው።

ሶዶ_ዲቲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሥራ አልወጣሁምና ሞከርኩት።

በሁለት ጣት ጋዙ ጭራሽ አልዞረም። ሙሉ እጅ ጠየቀኝ። መሪውን ወደ ቀኝ ሳጥፍ ደግሞ ባሰበት። ከእጀታው አላቀቅኩት፣ እጀታው ብቻውን እንደ ቅቤ ዞረ። ስለዚህ ጋሼ እንዳልከው ከሽቦው ወደ ታች ነው።

የፍሬኑ ማንሻ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከኔ በፊት ይነዳት የነበረው ሰው በጣም ረጅም ነበር። አላልቼ ዝቅ አደረግኩት። መስታወቱ አብሮ ዞረ፣ እሱንም መለስኩት። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ብቻ ልዩነቱ ይሰማል።

እህቴ፣ ጣቶቹ ያው ሁለቱ ናቸው፣ ሌሊት አይቀሰቅሱኝም። ከወረድኩ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ።

ቨርጂኒያ፣ ሰው ካገኘህ በደስታ እቀበላለሁ። ቡናው ከኔ።

ጋሼ አንድ ጥያቄ። ታንኩን ነገ አነሣለሁ። ሽቦውን በራሴ ባወጣው የዘይት ፓምፑን አበላሻለሁ?

ጋራዥ_ሐዋሳ

አታበላሽም፣ ግን እዚያ ጋ አትቸኩል። ፓምፑ ጋዙ በተከፈተ መጠን ነው ዘይት የሚሰጠው። ሽቦውን መልሰህ ስትገጥም ከላላ ፓምፑ ከካርቡሬተሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ሜዳው ላይ ጋዝ ስትሰጣት ቤንዚን በደንብ ታገኛለች፣ ዘይቱ ግን ያንሳታል። ከዚያ ፒስተኑ ይጣበቅና እጅህን ረስተህ ስለ ሲሊንደር ዋጋ ትጠይቀኛለህ።

ፓምፑ ላይ ክዳኑን ስታነሣ መዘውሩ ላይ የተቀረጸ ምልክት ታያለህ። አጠገቡ የሚመሳሰልበት ነጥብ አለ። ሁለቱ የሚገጥሙት ጋዙ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ስለዚህ ገና ምንም ሳትነካ ጋዙን ዘግተህ አንድ ፎቶ፣ ሙሉ ከፍተህ ሌላ ፎቶ አንሣ። ሁለቱን እዚህ ለጥፍልኝ። የትኛው ላይ መግጠም እንዳለበት አይቼ እነግርሃለሁ። ከዚያ ትፈታለህ።

ሶዶ_ዲቲ

እሺ ጋሼ። ጠዋት ፎቶውን እለጥፋለሁ፣ እስክትመልስልኝ ቁልፍ አልነካም።