ሰር ጆን ሳይመን፦ ያ ሁሉ ጠበቃ በወልወል ጊዜ ምን ነካው?

የሕግ_ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኦጋዴን ውስጥ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ስለተታኮሱበት የወልወል ግጭት የማሟያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ተኩሱ ሲከፈት የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማን ነበር ብዬ ስፈልግ ሰር ጆን ሳይመን የሚባል ሰው አገኘሁ። እስካሁን የምሰማው እሱን የተካውን የሳሙኤል ሆርን ስም ብቻ ነበር። ሳነብ ደግሞ ሰውየው በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ ጠበቆች አንቱ የተባለ ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን ቁልጭ ብሎ የተጻፈ ሰነድ ነው። ሕግን እንደዚያ የሚያውቅ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ስለ ሥራ ሕይወቱ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። አማካሪዬ ሰውየውን ሳታውቂ ፖሊሲውን አትጻፊ ብሎኛል።

ቡና_ጠጡ፦

እህቴ፣ እንግሊዝ እኮ ነው! ምን ጠበቅሽ? ሆርም ሳይመንም ያው ናቸው። ጠበቃ ደግሞ ለከፈለው ነው የሚቆመው። አለቀ።

አባ_መዝገብ፦

ቡና ጠጡ፣ ጥብቅና እንጀራዬ ነበርና ዛሬ ልለፍህ። ልደታ ፍርድ ቤት ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ደግሞ ያልከው ግማሹ እውነት ነው፤ እሱን ላስረዳ።

ልጄ፣ ስለ ሳይመን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አልወደውም፤ መተውም አልሆነልኝም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።

በ1873 ማንቸስተር ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበር፤ ቤቱ የሀብታም ቤት አልነበረም። በነፃ የትምህርት ዕድል ኦክስፎርድ ገባ፣ የተማሪዎቹ የክርክር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ1899 ባሪስተር ሆነ። ባሪስተር በእነሱ አገር ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ነው። ደግሞ ደንበኛ አያማርጥም፤ የመጣለትን መዝገብ ይቀበላል፣ በዚያ ወገን ይቆማል። ዛሬ ለአከራይ ተከራክሮ ነገ ለተከራይ ቢቆም ማንም አይታዘበውም። ሳይመንን የሠራው ይህ ልማድ ነው ባይ ነኝ።

1906 በሊበራል ፓርቲ ፓርላማ ገባ። በ1910 ገና በ37 ዓመቱ ሶሊሲተር ጄኔራል ሆነ፤ የመንግሥት ሁለተኛው የሕግ ሹም ማለት ነው። የታይታኒክ መስጠም በ1912 ሲመረመር የንግድ መሥሪያ ቤቱን ወክለው ምስክሮችን ካፋጠጡት አንዱ እሱ ነው። በ1913 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1915 ሎርድ ቻንስለር ሁን ቢሉት እምቢ አለ። የዳኞች ሁሉ የበላይ መሆን ነበር እኮ! ግን በዚያ ዘመን ያን ወንበር የያዘ ሰው ከሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ወጥቶ ጌቶች ምክር ቤት ይገባ ነበር። የፖለቲካ መንገዱ በዚያው ይዘጋ ነበር። ስለዚህ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርነትን መረጠ።

በጥር 1916 መንግሥት የግዴታ ውትድርና ሲያውጅ አልስማማም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህን ጽሑፍሽ ላይ አትዝለዪው። አቋም የለውም የሚሉት ብዙ ናቸው፤ በጦርነት መሐል ከሚኒስትርነት መውረድ ግን ቀላል አይደለም። በ1918 ምርጫም የፓርላማ ወንበሩን አጣ።

ተመልሶ እስኪገባ ድረስና ከገባም በኋላ በጥብቅና ብዙ ገንዘብ ሠራ። በ1927 ያንን ገቢ እርግፍ አድርጎ ትቶ የሕንድን አስተዳደር የሚያጠና ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆነ። ሰባቱም አባላት የእንግሊዝ ፓርላማ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሕንዳዊ የለበትም። ቦምቤይ ሲደርሱ «ሳይመን ተመለስ» እያለ ጥቁር ባንዲራ የያዘ ሕዝብ ጠበቃቸው። ሪፖርቱ ግን ሥርዓት ያለው ነው ይባላል። ሰውየው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ይሰምርለታል።

በ1931 መጨረሻ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ጃፓን የቻይናን ግዛት ማንቹሪያን ይዛ ነበር። በታኅሣሥ 1932 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ ተናገረ፤ ቻይናም ጥፋት አለባት፣ ጃፓንም ምክንያት አላት፣ ነገሩ ቀላል አይደለም ብሎ ሁለቱን በሚዛን አስቀመጠ። የጃፓኑ መልእክተኛ ማትሱኦካ ደስ ብሎት ወጣ ይባላል። ታዲያ ተወራሪው ከዳኛ በፊት ረዳት ፈልጎ ሲመጣ ሚዛን ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ወልወል። ከግጭቱ ቀደም ብሎ በዚያው በኅዳር ጣሊያኖቹን እዚያ ያገኟቸው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሽን ሰዎች ናቸው። የእንግሊዙ መሪ ኮሎኔል ክሊፎርድ ነገር እንዳይካረር ብሎ ሰዎቹን ይዞ አዶ ወደምትባል ቦታ ፈቀቅ አለ። ተኩሱ ሲነሣ የእኛዎቹ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ በጥር 1935 ጉዳዩን ለማኅበሩ አቀረበች፤ በመጋቢት ጠንከር ባለው አንቀጽ 15 መሠረት ደገመች።

በሚያዝያ ሳይመንና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማክዶናልድ ከሙሶሊኒና ከፈረንሳዮች ጋር ስትሬሳ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተገናኙ። ሂትለር በመጋቢት የግዴታ ውትድርናን አውጆ ስለነበር ሁሉም ሙሶሊኒን ከጎናቸው ማቆየት ፈልገዋል። የእንግሊዝ የአፍሪካ ጉዳይ ባለሙያ እዚያው ነበር፤ ከጣሊያን አቻዎቹ ጋር በጓዳ ስለ ኢትዮጵያ ተነጋግሯል። ሚኒስትሮቹ ግን ለሙሶሊኒ ፊት ለፊት አንድ ቃል አልተነፈሱም። የጋራ መግለጫው ላይ የተጠቀሰው ሰላም «የአውሮፓ» ሰላም ሆነ። ሙሶሊኒ ይህን ሰምቶ ምን ይረዳል? እኔ ብሆንም የተፈቀደልኝ ይመስለኛል።

ቡና ጠጡ፣ ሳይመን ማንም አልከፈለውም። የያዘው መዝገብ ሂትለር ነበር፤ ኢትዮጵያ በዚያ መዝገብ ውስጥ አልነበረችም። ለመዝገቡ የማይጠቅም ነገር ደግሞ ጠበቃ አያነሣም። ችሎት ላይ ይህ ብልሃት ነው። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ግን ዝምታውም መልስ ተደርጎ ይቆጠራል።

የሕግ_ተማሪዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሆር የተተካው ሳይመን ተባሮ ነው? ጦርነቱ ሲጀመርስ ሳይመን የት ነበር?

አባ_መዝገብ፦

ከሥልጣን አልተባረረም፤ ተዛወረ። በሰኔ 1935 ባልድዊን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ሳይመን እንደገና አገር ውስጥ ጉዳይ ሄደ። ጣሊያን መረብን ስትሻገር እዚያው ካቢኔ ውስጥ ተቀምጧል። በ1937 ገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በዚያ ክፍለ ዘመን ሦስቱንም ወንበሮች፣ አገር ውስጥን፣ ውጭ ጉዳይንና ገንዘብን፣ የያዙት ሳይመን፣ በትለርና ካላሃን ብቻ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ካላሃን ነው።

እንግሊዝ በኢትዮጵያ ያላትን ጥቅም ያጠናውን የማፊን ኮሚቴም ፈልጊ። በሳይመን ጊዜ ተቋቁሞ ሪፖርቱን ያቀረበው እሱ ከወጣ ከቀናት በኋላ ነው። እንግሊዝ በኢትዮጵያ ውስጥ ጣሊያንን እንድትቋቋም የሚያስገድድ ወሳኝ ጥቅም የላትም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሪፖርቱ ጣሊያኖች እጅ ገባ፤ በ1936 ጋዜጣቸው ላይ አወጡት።

ለንደን_ያለሁት፦

ለሕግ ተማሪ የሚሆን ሌላ ነገር ልጨምር። ጃንሆይ በስደት ባዝ ከተማ ሳሉ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የቴሌግራፍ ኩባንያ ለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱት። ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፈል ገንዘብ ነበረበት። በ1938 የመጀመሪያው ዳኛ ለጃንሆይ ፈረዱ፤ የእንግሊዝ መንግሥት በሕግ ደረጃ ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሚያውቀው አሁንም እሳቸውን ነው በሚል። ይግባኙ ሳያልቅ በኅዳር 1938 መንግሥት ለጣሊያን ንጉሥ ዕውቅና ሰጠ። ይግባኝ ሰሚው በታኅሣሥ ፍርዱን ገለበጠ። ሳይመን ያኔ የዚያ መንግሥት ገንዘብ ሚኒስትር ነው።

ቡና_ጠጡ፦

በመሐል ላይ?! ዳኛው ከወሰነ በኋላ? እንግዲህ ያልኩትን ነው ያረጋገጣችሁልኝ 😂

አባ_መዝገብ፦

ዳኞቹን አልወቅስም። ለውጭ መንግሥት ዕውቅና የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ፍርድ ቤት ያንን ተቀብሎ ነው የሚሠራው። ገልባጩ ካቢኔው ነው።

ሳይመን ራሱም በመጨረሻ ዳኛ ሆኗል። በ1915 እምቢ ያለውን ሎርድ ቻንስለርነት በ1940 ቸርችል ሲሰጠው ተቀበለ። በ1942 ቴቲስ በምትባል ሰርጓጅ መርከብ ያለቁት ሰዎች ቤተሰቦች መርከቧን በሠራው ድርጅት ላይ ክስ መሥርተው የመርከቧ ፕላን ይቅረብልን አሉ። 99 ሰው ነው የሞተው። ሳይመን የሰጠው ፍርድ፣ ሚኒስትሩ ለአገር ጥቅም ሲባል አይቀርብም ካለ ፍርድ ቤቱ ያንን ቃል ይቀበላል የሚል ነው። ሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ጸንቶ ቆየ፤ በ1968 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው ጌቶች ምክር ቤት ራሱ ለወጠው። ሳይመን ከሞተ 14 ዓመቱ ነበር።

ይህን ግን ጽሑፍሽ ውስጥ አታስገቢ፤ ርዕስሽ ወልወል ነው። ስትሬሳ ላይ ጊዜሽን አጥፊ።