ትራቭል ነርስ ነኝ፤ ወደማላውቀው ዩኒት (ክፍል) ፍሎት ሲያደርጉኝ (ለጊዜው ሲልኩኝ) ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቴክሳስ ውስጥ በ13 ሳምንት ኮንትራት የምሠራ የሜድ-ሰርጅ (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ክፍል) ነርስ ነኝ። ሌላ ክፍል ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚላከው ትራቭለር፣ ማለትም እንደኔ ያለ የአጭር ጊዜ ኮንትራት ነርስ ነው፤ እሱ ይገባኛል። ሰሞኑን ግን ስቴፕ ዳውን (ከአይሲዩ ቀለል፣ ከተራው ክፍል ከበድ ያሉ ታካሚዎች ያሉበት) ልከውኝ የካርዲዜም ድሪፕ (በደም ሥር ቀስ እያለ የሚሰጥ የልብ ምት ማረጋጊያ) ላይ ያለ ታካሚ ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ድሪፕ ይዤ አላውቅም። ቻርጅ ነርሷ (የሺፍቱ ኃላፊ) "ትለምጂዋለሽ" ብላኝ ሄደች። የዚያን ቀን ሌላ ነርስ ወሰደችልኝ፤ ነገም ግን ያው ነው። እምቢ ብል ኮንትራቴን ይሰርዙታል፣ እሺ ብል ሰው እጎዳለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርስ
እህቴ፣ ዋናው ነገር ሪፖርት (የታካሚ ርክክብ) ከመቀበልሽ በፊት መናገር ነው። ተቀብለሽ ከሄድሽ ታካሚ ጥላ ሄደች ተብሎ ላይሰንስሽ ሊጠየቅበት ይችላል። ሳትቀበዪ "ይሄን አልሠለጠንኩበትም" ማለት ግን ሌላ ነው።

ደግሞ በደፈናው "አልሄድም" አትበዪ። ቻርጅ ነርሷን እንዲህ በያት፦ "እዚህ እሠራለሁ። መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ያልተወሳሰቡ ታካሚዎችን እይዛለሁ። መጠኑ የሚቀያየር ድሪፕ ግን ብቻዬን አልይዝም።" እንዲህ ለይተሽ ስትነግሪያት ታካሚ ለመቀያየር ይቀላታል። ካልሰማችሽ ለሱፐርቫይዘር ደውዪ። እንደገባሽም ክራሽ ካርቱ (የድንገተኛ ሕክምና ዕቃ ጋሪው) የት እንዳለ እዪ፤ የመድኃኒት ማሽኑ እንደሚከፍትልሽ ሞክሪ።

መልስ፦ ሂዩስተን ያለሁ
ቴክሳስ "ሴፍ ሃርበር" የሚባል የሕግ ከለላ አለ። ምደባው ታካሚን አደጋ ላይ ይጥላል ብለሽ ከልብሽ ካመንሽ፣ ሥራውን ሳትጀምሪ ለሱፐርቫይዘር በጽሑፍ ታስገቢያለሽ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የመደበሽ ሰው ስም፣ ምክንያትሽ፣ ፊርማሽ ይኑርበት። ፎርሙ የቴክሳስ ነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አለ። በቅን ልቦና ካደረግሽው ላይሰንስሽን ይከላከልልሻል፤ አሠሪ እንዳይበቀልሽም ሕጉ ይከለክላል። ኮፒውን ያዢ።

መልስ፦ ካሊፎርኒያ
እዚህ ነርስ ለዩኒቱ ኦሪየንቴሽን ሳያገኝና ብቃቱ ሳይታይ አይመደብም፤ ደንብ ነው። ለአንድ ነርስ የሚሰጠው ታካሚም የተወሰነ ነው፦ ሜድ-ሰርጅ 5፣ ቴሌሜትሪ (የልብ ምት በሞኒተር የሚታይበት ክፍል) 4፣ ስቴፕ ዳውን 3፣ አይሲዩ 2። ብዙ ስቴት ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ስለዚህ መከታሽ ኮንትራትሽ ነው። ፍሎት የሚለውን አንቀጽ አንብቢው።

ጠያቂዋ
አሁን አየሁት። "እንደ ሆስፒታሉ ፍላጎት" ነው የሚለው። መሃል ላይ ማስቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ካሊፎርኒያ
የተፈረመውን ማስቀየር ይከብዳል። ኤክስቴንሽን (ኮንትራቱን ማራዘም) ሲጠይቁሽ ግን ያኔ የመደራደር አቅሙ አለሽ። የምትሄጂባቸው ዩኒቶች በስም ይጻፉ በያቸው። ሪክሩተሩ (የኤጀንሲው ቀጣሪ) በስልክ "አይዞሽ፣ አይልኩሽም" ቢልሽ አትቀበዪ፤ በኢሜይል ይላክልሽ። ስኪል ቼክሊስቱ (የምትችዪውን ሥራ የምትሞዪበት ቅጽ) ላይም የማትችዪውን "እችላለሁ" ብለሽ አትሙዪ። እሱን አይተው ነው የሚመድቡሽ።