የመዳብ ሪከቨሪ ከ88 ወደ 74 ወረደብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምሠራው ዛምቢያ፣ ኮፐርቤልት ውስጥ ከመሬት በታች በሚቆፈር የመዳብ ማዕድን ነው። እኔ ያለሁት ላይ ፋብሪካው ውስጥ፣ ፍሎቴሽን ላይ ነው፤ መዳቡን በአረፋ ከተፈጨው ድንጋይ የምንለይበት ክፍል ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከላይኛው ስቶፕ (ማዕድኑ የሚቆፈርበት ክፍል) የወጣ ድንጋይ መግባት ጀመረ። አሁን ከምንፈጨው 40 በመቶው እሱ ነው። ሪከቨሪያችን፣ ማለትም ድንጋዩ ውስጥ ካለው መዳብ የምናወጣው ድርሻ፣ ከ88 በመቶ ወደ 74 ወረደ። ዛንቴት (መዳቡን ከአረፋው ጋር የሚያጣብቀውን ኬሚካል) ጨመርኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አለቃዬ ደግሞ በየጠዋቱ ቁጥሩን ይጠይቀኛል።

ኖራው፦ ፒኤችሽ (የአሲድነት መለኪያው) ስንት ነው? አዲሱ ድንጋይ ጠንካራ ከሆነስ? ወፍጮው በደንብ ሳይፈጨው ያልፍ ይሆናል።

ጠያቂ፦ 10.8 ነው። አፈጫጨቱም እንደ ድሮው ነው።

የጉድጓዱ ልጅ፦ እኔ ከታች ነኝ፣ በእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ያ ስቶፕ አጠገቡ በሲሚንቶ የተሞላ አሮጌ ስቶፕ ካለ፣ ሙሌቱ እየተናደ ከማዕድኑ ጋር ይወጣል። ሲሚንቶ ፒኤች ስለሚጨምር፣ ፒኤች ለመጨመር የምትጠቀሚው ኖራ ይቀንሳል። ቀንሷል?

ጠያቂ፦ ኧረ ምንም አልቀነሰም።

ጋሼ ምስማር፦ እንግዲያው ልጄ፣ ዛንቴት ማባከኑን ተዪው። የላይኛው ድንጋይ ለብዙ ዘመን ውሃና አየር ያገኘው ነው። ሰልፋይዱ (ከድኝ ጋር የተዋሃደው መዳብ) ወደ ማላካይት፣ ወደ አረንጓዴው የመዳብ ማዕድን፣ ተለውጧል። ዛንቴት ማላካይትን በወጉ አይዝም፣ ከጭራው (ከሚጣለው ዝቃጭ) ጋር ይሄድብሻል። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ አላየሽም? ትንሽ ፍጪና ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አቆዪው። አጥልዪና ንጹሕ የብረት ምስማር ንከሪበት። ቀይ መዳብ ከለበሰ ነገሩ አለቀ። ድንጋዩ አሲዱ ውስጥ አረፋ ስላወጣ ብቻ ግን አትመኚ፣ ዶሎማይት የሚባለው ድንጋይም አረፋ ያወጣል። ከዚያ ላቦራቶሪው በአሲድ የሚሟሟውን መዳብ ለብቻው ይለካልሽ።

ጠያቂ፦ ምስማሩ ቀላ! ላቦራቶሪው ደግሞ የላይኛው ድንጋይ 2.4 በመቶ መዳብ አለው፣ ከዚያ ውስጥ 0.9 በመቶው በአሲድ ይሟሟል አለኝ።

ጋሼ ምስማር፦ ሂሳቡ ገጠመ። 0.9 ለ2.4 ሲካፈል 37 በመቶ ግድም ነው። ከምትፈጩት 40 በመቶው እሱ ስለሆነ፣ የታችኛው ድንጋይም ተቀራራቢ መዳብ ካለው፣ 15 በመቶው መዳብ አመለጠሽ ማለት ነው። 88ን በ0.85 አባዢው፤ 75 ይመጣል። በቃ ሌላ ሌባ አትፈልጊ። መጀመሪያ ሰልፋይዱን እንደ ወትሮው አውጪ። ለቀረው ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ ጠብ ጠብ አድርጊበት። ማላካይቱ ሰልፋይድ ሲለብስ ዛንቴቱ ይይዘዋል። አታብዢው፤ ሲበዛ መልሶ መዳቡን ያሰምጣል። መጀመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሞክሪው።

ኖራው፦ እዚህ ላይ እኔ ልጩህ። ያ ኬሚካል ባለበት ፒኤች እንዳይወርድባችሁ! ወደ 7 በተጠጋ ቁጥር መርዛማው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ እየበዛ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100) ግድም ሲደርስ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የጋዝ መለኪያ ሳትይዙ ማንም እንዳይጠጋ።

ጠያቂ፦ መጋዘን ጠየቅኩ፣ ኬሚካሉ የለም። ታዝዞ እስኪመጣ ወር ይፈጃል አሉኝ።

የጉድጓዱ ልጅ፦ እስከዚያ የላይኛውን ድንጋይ ለብቻው አስከምሪው፤ ወደ ወፍጮ የሚገባውን 10 በመቶ አድርጉት። ጂኦሎጂስቱን ነገ ጠዋት ያዢው። የትኛው ስቶፕ ስንት ኦክሳይድ (እንደ ማላካይት ያለ መዳብ) እንዳለው ቀድሞ ካልነገረሽ በሚቀጥለው ወርም እዚሁ ነሽ።