ፈረንሳውያን ጎረቤቶቻችን ራት ጠርተውናል፤ ምን ይዘን፣ በስንት ሰዓት እንሂድ?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ (ሊዮን)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ከባለቤቴ ጋር ሊዮን ከገባን አምስተኛ ወራችን ነው፤ የምንኖረው ክሩዋ ሩስ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ነው። ከእኛ በላይ ያሉት ጡረተኛ ባልና ሚስት እስካሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ አልፈው አያውቁም ነበር። አሁን የፊታችን ዓርብ በ19፡30 ራት ጠርተውናል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡30 መሆኑ ነው። ደስ ብሎናል፣ ጭንቅም ይዞናል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፣ ቀኑ ደግሞ ዓርብ። ጾመኞች ነን ብለን ቀድመን እንንገራቸው ወይስ ዝም ብለን ሄደን የሚሆነንን መርጠን እንብላ? ባዶ እጅም አይኬድምና ምን ይያዛል? በሩንስ በስንት ሰዓት እናንኳኳ?

ከራቱ ጋር ባይገናኝም የሚያብከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። ትናንት ዳቦ ቤት ገብቼ «አንድ ባጌት እባክዎ» አልኩ፣ በደንብ በተለማመድኩት ፈረንሳይኛ። ሻጯ «ቦንዡር» አለችኝ። አልሰማችኝም ብዬ ደገምኩላት። ጠንከር አድርጋ «ቦንዡር፣ ማዳም!» አለችኝ፤ እጇ ግን ወደ ዳቦው አልሄደም። ጠልታኝ ነው ወይስ ያጠፋሁት ነገር አለ?

መልስ፦ አሥራ ሁለት ዓመት በፓሪስ

እህቴ፣ ሴትዮዋ አልጠላችሽም። የዘለልሽውን ሰላምታ እስክትመልሺ እየጠበቀችሽ ነው። እዚህ አገር ሱቅ የባለሱቁ ቤት ነው፤ ሰው ቤት ገብተሽ እንዴት ዋላችሁ ሳትዪ «ውሃ ስጡኝ» እንደማለት ቁጠሪው። «እባክዎ» ብትዪም ያንን አያካክስም። የአውቶቡስ ሹፌር፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ የሊፍት ተሳፋሪ ሁሉ ቦንዡር ይባላል። ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ክፍል ስትገቢ ለተቀመጡት ሁሉ አንድ ጊዜ ጣል ታደርጊዋለሽ፤ ሁሉም ያጉተመትማል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አያናግርም። ከ18 ሰዓት ገደማ ጀምሮ «ቦንሷር» ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ቦንዡር ማለት ግን የመጀመሪያውን እንደረሳሽ ያስቆጥርብሻል። መንገድ ላይ ለማታውቂው ሰው ደግሞ አይባልም፤ ምን እንደምትለምኚው ነው የሚያስበው።

ነገ ዳቦ ቤት ስትሄጂ፣ ቦንዡሩን ካልሽ በኋላ፣ «ዩን ትራዲሲዮን» ብለሽ ጠይቂ። ተራው ባጌት ሌላ ነው። «ትራዲሲዮን» የሚባለው በ1993 በወጣ ድንጋጌ ሊጡ በረዶ ውስጥ እንዳይገባና ምንም ዓይነት መጨመሪያ እንዳይደረግበት የተወሰነለት ነው። በዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ግን ድምፁ ይለያል። ጫፉን እየቆረሱ በመንገድ መብላትም ነውር አይደለም፤ ኮትና ከረባት ያደረገው ሁሉ ሲያደርገው ታያለሽ።

ወደ ራቱ ልምጣ። ስለ ጾሙ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ምግቡ ከቀረበ በኋላ «አልበላም» ማለት እዚህ ትልቅ ቅሬታ ነው፣ ቀድሞ መናገር ግን ምንም አይደለም። «ካሬም» ካልሽ ትላልቆቹ ያውቁታል፣ የእነርሱም ጾም ስሙ ያው ነው። ነገር ግን ለእነርሱ ዓርብ ማለት ሥጋ ትቶ ዓሣ መብላት ስለሆነ፣ ቅቤና ወተትም እንደማትበሉ ካላስረዳሽ በክሬም የተሠራ ዓሣ ይጠብቃችኋል። «ኒ ቪያንድ፣ ኒ ፍሮማዥ፣ ኒ ቤር» በዪ፤ ሥጋም፣ አይብም፣ ቅቤም የለም ማለት ነው። እንቁላሉንም አትርሺ።

መልስ፦ ማርሴይ ያለሁ

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከ19፡40 እስከ 19፡45 ባለው በሩን አንኳኩ። ቀድሞ መድረስ አይወደድም፤ ባለቤቲቱ ገና ፀጉሯን እያበጠረች ይሆናል። ይህን አሥራ አምስት ደቂቃ «የጨዋነት ሩብ ሰዓት» ይሉታል። የሐበሻ ቀጠሮ ነው ብላችሁ 20፡30 እንዳትደርሱ ብቻ።

ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። መጀመሪያ የተጠራሁ ጊዜ የቤቱ እመቤት ድስቱን ይዛ «ትንሽ ልጨምርልህ?» አለችኝ። ርቦኛል። እናቴ ያሳደገችኝ ግን መጀመሪያ እምቢ ማለትን ነውና «ኖ፣ መርሲ» አልኩ። «በሞቴ» ትለኛለች፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ትለምነኛለች ብዬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ድስቱ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ተመልሶ አልመጣም! ቤቴ ሄጄ በሌሊት ደረቅ ዳቦ በላሁ።

ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ይሉኝታዬን ግን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። እዚህ «አይ» ማለት አይ ነው፣ አስገድዶ ማብላት ነው ብልግናው። እንዲያውም ሲጨመርልሽ ባዶውን «መርሲ» ብቻ ካልሽ «በቃኝ» ብለሽ ነው የሚሰሙሽ። ከፈለግሽ «ዊ፣ ቮሎንትዬ» በዪ። ሳህኑን አሟጦ መብላትም፣ በዳቦ መጥረግም አያስነውርም፤ ባለቤቲቱን ደስ ይላታል።

መልስ፦ የቀድሞ የሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪ

ልጄ፣ አበባ ከወሰዳችሁ ክሪዛንቴም እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እርሱ የመቃብር አበባ ነው፤ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በእነርሱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ መካነ መቃብሩ በእርሱ ይሞላል። ቀይ ጽጌረዳም የፍቅረኛ ነው፣ ተዉት። ወይን ከያዛችሁ በዚያ ማታ ላይከፍቱት ይችላሉ፤ ቅር አይበላችሁ፣ ከምግባቸው ጋር የሚሄደውን ቀድመው መርጠዋል። እኔ ብሆን የአገሬን ቡና ተቆልቶ የተፈጨውን ይዤ እሄድ ነበር። ጥሬውን የት ይቆሉታል?

ከዚህ የሚከብደው «ቱ» እና «ቩ» ነው። እኛ አንተና እርስዎ ስላለን የምናውቀው ይመስለናል፣ ወጥመዱም እዚያ ላይ ነው። የእኛ በዕድሜና በክብር ይሄዳል፤ የእነርሱ በርቀት። ሃያ ዓመት ያልሞላት ገንዘብ ተቀባይ «ቩ» ናት፤ አብሮሽ የሚሠራ የስልሳ ዓመት ሰው ደግሞ በሁለተኛው ቀን «ቱ» ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቻችሁን ራሳቸው «በቱ እንነጋገር» እስኪሉ ድረስ በ«ቩ» ያዟቸው። ግብዣው ከትልቁ መምጣት አለበት።

ፈረንሳይኛ እንግዳ እንዳይሆንብሽ፣ ለገሀር ስትዪ ኖረሽ የለም እንዴ? «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ።

መልስ፦ በርሊን የምኖር

ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ሳህን ምግብ ነው? የጾም ወጡን በእንጀራ አድርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ እነርሱ ይልመዱ!

መልስ፦ ማርሴይ ያለሁ

ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ሦስት ቀን አስባ የሠራችውን ራት ላይ ሌላ ምግብ ይዞ መሄድ ምግብሽን አላመንኩም ማለት ነው። ሽሮው እህታችንና ባለቤቷ በተራቸው ጎረቤቶቹን ሲጠሩ ይደርሳል። መጥራታቸውም አይቀርም፤ ምላሽ ካልሰጡ ግንኙነቱ እዚያው ያበቃል።

ስለ ጉንጭ ሰላምታ የጠየቀ ስለሌለ ልጨምረው። በሊዮንም በፓሪስም አብዛኛው ሁለት ነው፣ ሞንፔሊዬ ሦስት ይላሉ። እኛ ሦስተኛውን ስንቀጥል እነርሱ ቀና ብለዋልና አፍንጫችን አየር ላይ ይቀራል። ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ ጭራሽ የተዉትም ብዙ ናቸው። እነርሱ ጎንበስ ካላሉ እጅ መስጠት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ከግረኖብል

ይቅርታ፣ ርእሱ ባይሆንም ልጠይቅ። ባለፈው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ በሳይረን ጮኸ። እኔ ደረጃ ወርጄ ውጭ ቆምኩ፤ ሌላው ሰው ቡናውን እየጠጣ ነበር። ምንድን ነው?

መልስ፦ አሥራ ሁለት ዓመት በፓሪስ

ሙከራ ነው፤ በየወሩ በመጀመሪያው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይነፋል። እኔም በመጀመሪያው ወር ፓስፖርቴን ይዤ ነው የሮጥኩት። በሌላ ቀን ወይም በሌላ ሰዓት ከሰማኸው ግን ቤት ግባ፣ መስኮቱን ዝጋና ሬዲዮ ክፈት።

ጠያቂዋ ተመልሳ፦ አዲስ ገቢ (ሊዮን)

ምስጋናዬ ብዙ ነው። በ19፡43 አንኳኳን። ባለቤቴ ከቀትር በኋላ ገበያ ወርዶ የሚያምር ነጭ አበባ ይዞልኝ መጣ፤ አይቼው የመቃብሩ ነው! አሁን የእኛው መስኮት ላይ ተቀምጧል፣ እኛ ቡና ይዘን ሄድን።

ማዳም በወይራ ዘይት የተሠራ ራታቱይ የሚባል የአትክልት ወጥና የለ ፑይ ምስር አዘጋጅታ ነበር። ምስሩ ትንሽ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ቀቅላ ስታቀርበው ቁሌት ባይኖረውም የእኛን ክክ አስታወሰኝ። «ልጨምርልሽ?» ስትለኝ አንደበቴ ላይ የመጣውን «አይ» ዋጥ አድርጌ «ዊ፣ ቮሎንትዬ» አልኩ። ባለቤቴ ግን ረስቶት «መርሲ» አለና ጭልፋው አለፈው! በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። ከዚያ አምስት ዓይነት አይብ የተደረደረበት እንጨት መጣ፤ ሙሴው በፊታችን አሳልፎ «ለሚቀጥለው» አለን። ከጣፋጭ በፊት አይብ እንደሚበላ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለእኛ የቀረበው ብርቱካን በቀረፋ ነበር።

ተነሥተን ስንወጣ 23፡40 ሆኖ ነበር፤ አራት ሰዓት በጠረጴዛ ዙሪያ። ቡናው የመጣው ከሁሉ በኋላ፣ አንዳንድ ሲኒ ብቻ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ እንዳለ ስነግራቸው አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚለውን ሙሴው ወረቀት ላይ ጻፈው። ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንድ ጭንቀት ብቻ ቀርቶኛል፤ ጣሪያችን ላይ ያቺ የጭስ ጠቋሚ አለች። ቡናውን ስንቆላ ሕንፃው በሙሉ እንዳይሰበሰብብን ምን እናድርግ?

መልስ፦ አሥራ ሁለት ዓመት በፓሪስ

ከ2015 ጀምሮ በየቤቱ ግዴታ ስለሆነች እንዳትነቅሏት። መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ የወጥ ቤቱን በር ዝጉ፣ የተቆላውን ቡና ግን እንዲያሸቱት ራቅ አድርጋችሁ ሳሎን ውስጥ አዙሩላቸው። ዕጣኑን ከቡናው ጋር በአንድ ጊዜ አታጭሱ። እኔ አጭሼ አራተኛ ፎቅ ያለችው አሮጊት በካባዋ ወርዳ ነበር፤ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥታ ነው የተመለሰችው።