ግጥም «የእኔ አይደለም» ለሚሉ ነዋሪዎች የሚቀርብ የጋራ ዕቅድ፣ ድሬዳዋ

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ታዋቂ ገጣሚያንን በአዳራሽ እንድንጋብዝ ታስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ አዳራሹን የሚሞሉት ቀድሞውንም ግጥም የሚወዱት ናቸው። «ግጥም አይገባኝም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሸሸው ግጥሙን ሳይሆን «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ ነው፤ ያው ሰው ግን በሠርግ ቤት ዘፈን ሲያወርድና ልጁን እሹሩሩ ሲል ስንኝ ይደረድራል። ስለዚህ ሙቀቱ በረድ ሲል በከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተሰባስበን፣ ያለ ማይክሮፎን፣ አጫጭር ግጥሞችን ሁለት ሁለት ጊዜ ብናነብ እላለሁ። ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት በከተማችን የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ስለሆነ አንሻማው።

ከአንድ አባል፣ የአማርኛ መምህር፦
ፈተናው ይቅር በሚለው እስማማለሁ፤ ስልቱን ማሳየት ግን ሊቀር አይገባም። ወል ቤት በሚባለው የአማርኛ ግጥም ስልት እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች እንደሚከፈል ማንም በጭብጨባ ሊቆጥረው ይችላል። ለመለማመጃ፣ ከተማችንን ስለሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ የሚከተለውን ጽፌያለሁ፦

ደቻቱ ደረቀ፣ ጠጠሩን አሳይቶ፤
ደጋው ሲዘንብበት፣ ይመጣል ተቆጥቶ።

ከአንዲት አባል፣ የመጋላ ሰፈር ነዋሪ፦
መምህር፣ ስንኞቹ መልካም ናቸው፤ የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅዎትም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ቤተሰቡን ያጣ ሰው በመካከላችን ሊቀመጥ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ምሽት በእነዚህ ባይከፈት እመርጣለሁ። ደግሞስ ለምን በአማርኛ ብቻ? ገባይ በሚባለው የሶማሊኛ ግጥም ስንኞቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መነሻ ድምፅ ይተሳሰራሉ፤ የእኛው ግጥም ቤት የሚመታው ስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ጎረቤት እንኳ ይህን ልዩነት በጆሮው ይለየዋልና አማርኛው፣ ሶማሊኛውና ኦሮምኛው ጎን ለጎን ይነበቡ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሁለቱንም ሐሳቦች በማካተት የረቂቁን አንቀጽ እንደሚከተለው አሻሽየዋለሁ፦ «በየምሽቱ በሦስቱ ቋንቋዎች አጫጭር ግጥሞች ሁለት ጊዜ ይነበባሉ፤ በንባቦቹ መካከል የስንኙ ምት በጭብጨባ ይቆጠራል፤ አንባቢው ስለ ትርጉም አድማጩን አይጠይቅም፣ አድማጩ ከጠየቀ ግን ይመልሳል።» የደቻቱ ስንኞች ለኋለኛ ምሽት ይቆዩ። ሶማሊኛውንና ኦሮምኛውን የሚያነቡ አባላት ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ አንባቢ ሳናገኝ ረቂቁን ለባህል ቢሮ ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም።