በሆሜር ግጥሞች የነቢይ ቃል ሁልጊዜ የሚፈጸም ከሆነ ኃያላኑ ለምን አይሰሙትም?

የማራኪ ተማሪ (ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በማራኪ ግቢ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስሆን፣ ለሴሚናር ጽሑፍ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ግጥሞች፣ ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከውን ኢሊያድንና ኦዲሴየስ ከጦርነቱ ወደ ቤቱ ስለ መመለሱ የሚተርከውን ኦዲሲን እያነበብኩ ነው። ያስቸገረኝ የነቢያቱ ጉዳይ ነው። የተናገሩት ሁሉ ይፈጸማል፤ ኃያላኑ ግን ይንቋቸዋል ወይም ይቆጧቸዋል። ፍጻሜውስ አስቀድሞ ከተነገረ ለአድማጩ ምን ጉጉት ይቀረዋል?

ዘአዘዞ፦
ከሙያው መጀመር ይሻላል። በኦዲሲ 17ኛ መጽሐፍ ነቢይ ከሐኪም፣ ከአናጢና ከአዝማሪ ጋር አብሮ ይቆጠራል፤ ለሙያው ሲባል ከሌላ አገር የሚጠራ ሰው ነው። ስለዚህ እንደ ኤርምያስ ሕዝብን ለንስሐ የሚጠራ ገሣጭ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የወፍ በረራና ሌላም ምልኪ አይቶ የሚፈታ ነው።

አሁን የኢሊያድን 1ኛ መጽሐፍ ይመልከቱ። ትሮይን በከበቡት ግሪኮች ሰፈር መቅሠፍት ገብቶ ሰው ሲረግፍ ነቢያቸው ካልካስ በጉባኤ መካከል ይነሣል። ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ቢሆንም፣ ምክንያቱን ከመናገሩ በፊት የግሪኮች ታላቅ ተዋጊ አኪለስ ሊጠብቀው እንዲምልለት ይጠይቃል፤ የሚናገረው ነገር የጦሩን አዛዥ ንጉሥ አጋሜምኖንን እንደሚያስቆጣ ያውቃልና። ከዚያ በኋላ ነው አምላኩ አፖሎ የተቆጣው ካህኑ ክሪሴስ በአጋሜምኖን እጅ ያለችውን ምርኮኛ ልጁን ሊያስለቅቅ መጥቶ ተዋርዶ በመመለሱ መሆኑን የሚገልጸው። አጋሜምኖንም መልካም ነገር ተንብየህልኝ አታውቅም ብሎ ይሰድበዋል፤ ልጅቷን ግን ይመልሳል። እንግዲህ የቆጨው ቃሉ ሐሰት መስሎት ሳይሆን፣ በሠራዊቱ ፊት የምርኮ ድርሻውን አጥቶ መታየቱ ነው።

የትሮይ ጦር መሪ የሄክቶር ነገር ከዚህ ይለያል። በ12ኛው መጽሐፍ አንድ ንስር በጥፍሩ የያዘው እባብ ነድፎት ሲጥለው ታይቶ፣ የጦር ጓዱ ፖሊዳማስ ወደ ግሪኮች መርከቦች እንዳይገፉ ይመክራል። ሄክቶር የወፍ ነገር አያገባኝም፣ ከሁሉ የሚበልጠው ምልኪ ለአገር መዋጋት ነው ይላል። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ድፍረት ብቻ ያየዋል፤ እኔ ግን አልስማማም። በ11ኛው መጽሐፍ የአማልክት አለቃ ዜውስ ድል እንደሚሰጠው ልኮበት ነበር፤ ተስፋው ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ ነበር። ሄክቶር የአምላክን ቃል አልናቀም፤ የሚስማማውን መርጦ ገደቡን ዘነጋ።

ቅኔ ወዳድ፦
ስለ ጉጉቱ ልጨምር። ለጎንደር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረው ንግርት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል፤ የቋራው ካሣም በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ የመረጠው ስም ይኸው ነው። ሰዎች ሲጠብቁ የነበሩት ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን ሳይሆን፣ ማን ሆኖ እንደሚመጣ ነው።

ንግርት በብልህ ሰው እጅ መሣሪያ መሆኑም በኢሊያድ አለ። በ2ኛው መጽሐፍ የግሪክ ሠራዊት ወደ አገሩ ለመመለስ ሲነሣ፣ ኦዲሴየስ ወደ ትሮይ ከመሻገራቸው በፊት መርከቦቻቸው በተሰበሰቡበት በአውሊስ የታየውን ያስታውሳቸዋል፤ እባብ ስምንት የድንቢጥ ጫጩቶችንና ዘጠነኛ እናታቸውን በልቶ ወደ ድንጋይ ተለወጠ፤ ካልካስም ዘጠኝ ዓመት ተዋግተን በ10ኛው ትሮይን እንይዛለን ብሎ ፈታው። ትንቢቱ የቆየ ነው፤ ኃይል ያገኘው ግን ተስፋ በቆረጠ ሕዝብ ፊት በወቅቱ በመነገሩ ነው።

አኪለስም ሄክቶርን ከገደለ የራሱ ሞት ቅርብ መሆኑን ከእናቱ ከቴቲስ ሰምቶ ነው የሚወጣው። ውጤቱ ስለታወቀ ዓይናችን ሁሉ ምርጫው ላይ ያርፋል።

ባለ አራዳ፦
በኋለኞች ድርሳናት ማንም ያላመናት ነቢይት የምትባለውን የትሮይ ንጉሥ ልጅ ካሳንድራን በኢሊያድ ነቢይት ብለው እንዳይጽፉ ይጠንቀቁ፤ በ24ኛው መጽሐፍ አባቷ የወንድሟን የሄክቶርን ሬሳ ይዞ ሲመለስ ቀድማ ታያለች እንጂ ስትተነብይ አትታይም። ሳይሰሙት የቀረ ነቢይ ከፈለጉ በኦዲሲ 20ኛ መጽሐፍ ቴዎክሊሜኖስ አለ። የኦዲሴየስን ሚስት ፔኔሎፔን ለማግባት የሚፎካከሩት ሰዎች በግብዣ ላይ ሳሉ ግድግዳው በደም ተረጭቶ፣ አደባባዩም በሙታን ጥላዎች ተሞልቶ ይታየዋል፤ ይህንኑ ሲነግራቸው ይስቁበታል፤ እርሱም ጥሏቸው ይወጣል።

ጊዜ ካለዎት ከሆሜር ውጭ፣ አርጎ በተባለች መርከብ ስለተጓዙ ጀግኖች በሚተርከው በአፖሎኒዮስ ግጥም በአርጎናውቲካ 2ኛ መጽሐፍ ፊኔዎስን ያንብቡ። የዜውስን ሐሳብ ሁሉ በመግለጡ የተቀጣ ነቢይ ስለሆነ፣ ለመርከበኞቹ መንገዱን እያሳየ ከፊሉን ሆን ብሎ ይሸሽጋል። ስለ ጉጉት ለጠየቁት ለሁለተኛው ጥያቄዎ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል።